ለዲጄ እና ለሙዚቃ ቅንብር የሚሆን የኮምፒውተር ስክሪን

ለዲጄ እና ለሙዚቃ ቅንብር የሚሆን ስክሪን ከላፕቶፕ ወይም ከዴስክቶፕ ኮምፒውተር ጋር በገመድ የሚገናኝ፣ የሙዚቃ ሶፍትዌር መስኮቶችን ዘርግቶ ለማየት የሚያገለግል ውጫዊ ማሳያ ነው። በተለምዶ ሞኒተር ይባላል። ይህ ስም በሙዚቃ ሙያ ውስጥ ለሁለት ነገር ስለሚውል ግር ያሰኛል፤ የስቱዲዮ ባለሙያ «ሞኒተር» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ድምፅን ሳያሳምር እንዳለ የሚያሰማውን ስፒከር ማለቱ ነው። እዚህ የሚብራራው በዓይን የሚታየው ነው።

ገበያ ላይ ስክሪኖች የሚወደሱት ለጌም ተጫዋች እና ለፊልም አዘጋጅ በሚጠቅሙ መለኪያዎች ነው፤ በፍጥነታቸው፣ በቀለማቸው፣ በጥቁራቸው ጥልቀት። ሙዚቃ የሚሠራ ሰው የሚፈልገው ሌላ ነው፦ የድምፁን የሞገድ ምስል በረጅሙ ማየት፣ ጥቃቅን ጽሑፍ ዓይን ሳይጨንቅ ማንበብ፣ እንዲሁም ስክሪኑ ራሱ በድምፁ ላይ ጩኸት እንዳይጨምር። መብራት በሚቆራረጥበት እና ሙቀት በሚበረታበት አካባቢ፣ ለምሳሌ በሳንጃ፣ በመተማ እና በዙሪያቸው ባለው የሱዳን ድንበር ቆላ፣ ዕቃው ስንት ዓመት ይቆያል የሚለው ጥያቄም ይጨመራል።

ስክሪን ከሙዚቃ ጋር እንዴት ተገናኘ

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ያደገው ያለ ስክሪን ነው። አምኃ እሸቴ ያቋቋሙት አምኃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ሸክላ ሲያሳትም ባንዱ ይጫወታል፣ ቴፑ ይቀዳል። የሚታይ የሞገድ ምስል ስላልነበረ ስህተትን በዓይን ፈልጎ ቆርጦ ማውጣት አይታሰብም ነበር።

ኮምፒውተር ይህን ለወጠው። ድምፅ በስክሪን ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ሥዕል ሆነ፤ ጎላ ያለው ምት ከፍ ብሎ፣ ዝምታው እንደ ቀጭን መስመር ይታያል። ከዲጄነት ተነሥቶ ዘፈኑን ራሱ የሚያቀናብረው ሮፍናን ኑሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው «ነጸብራቅ» የተባለው አልበም፣ እንዲሁም ሚካኤል ሰይፉ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው «ዘላለም»፣ የተቀዳ ድምፅን በመቁረጥ፣ በመደጋገም እና በመደራረብ የሚሠራው የዚህ ዘመን ቅንብር ውጤቶች ናቸው። እንዲህ ያለውን ሥራ በላፕቶፕ ስክሪን ብቻ መሥራት ይቻላል፤ ብዙዎችም እንዲሁ ነው የሚሠሩት። የሚቸገሩት መስኮቶቹ ሲበዙ ነው።

የዲጄው ፍላጎት

ዲጄ ትልቅ ስክሪን የሚያስፈልገው ሰርግ ቤት ይመስላል። በእውነቱ ግን ጥቅሙ ይበልጥ የሚታየው ቤት ውስጥ፣ ከዝግጅቱ በፊት ባሉት ቀናት ነው። ሬኮርድቦክስ፣ ሴራቶ፣ ትራክተር እና ቨርቹዋል ዲጄ የመሳሰሉት ሶፍትዌሮች እያንዳንዱን ዘፈን መርምረው ፍጥነቱን በደቂቃ ስንት ምት ብለው ያሰላሉ፤ በሞገዱ ላይም ምቱን የሚያሳዩ ቋሚ መስመሮች ያሰምራሉ። ይህ ግሪድ ይባላል። ሁለት ዘፈኖች ሳይደናቀፉ እንዲገናኙ የሚያደርገው እሱ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ሶፍትዌሮቹ የተሠሩት በዋናነት በማሽን ለሚመታ ባለ 4 ምት ሙዚቃ መሆኑ ነው። ችክችካ ደግሞ በ6/8 ይሄዳል። ምርመራው አንዱን ትልቅ ምት በሦስት መክፈል ሲገባው በሁለት ስለሚከፍለው፣ በደቂቃ 120 ምት ያለውን ዘፈን 180 ወይም 90 ብሎ ይጽፈዋል። በዚህ ላይ የድሮ ዘፈኖች ያለ ሜትሮኖም በባንድ የተጫወቱ ናቸው፤ በ118 የጀመረ ዘፈን መጨረሻው ላይ 124 ሊደርስ ይችላል። ከመነሻው የተሰመረው ግሪድ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ከከበሮው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ የጉራጊኛን፣ የጎጃምን ወይም የጎንደርን ጭፈራ ከዘመናዊ ዘፈን ጋር ማገናኘት የሚፈልግ ዲጄ መስመሮቹን በእጁ እያንቀሳቀሰ፣ በጆሮው እየሰማ፣ በዓይኑም እያየ ማስተካከል አለበት።

የስክሪን ስፋት ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ፒክስል 10 ሚሊ ሰከንድ እንዲወክል ተደርጎ ሞገዱ ቢዘረጋ፣ 1366 ፒክስል ወርድ ያለው ላፕቶፕ 13.7 ሰከንድ ያህል ያሳያል። 1920 ፒክስል ያለው 19.2 ሰከንድ፣ 3440 ፒክስል ያለው ደግሞ 34.4 ሰከንድ ያሳያል። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን እነዚህ በቅደም ተከተል 27፣ 38 እና 68 ምት ናቸው። ግሪዱ ከየት ጀምሮ እንደሳተ በአንድ እይታ ማግኘት እና ወዲያና ወዲህ እየገፉ መፈለግ፣ ዘፈኑ አንድ ሲሆን ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ 400 ዘፈን ሲሆን ግን የሳምንታት ሥራ ነው።

ሌላው ጉዳይ የዘፈኖች ዝርዝር ነው። በድንበር አካባቢ ያለ ዲጄ ማኅደሩ ውስጥ የአማርኛ፣ የትግርኛ እና የሱዳን ዘፈኖች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ ሁለቱም አገሮች አምስት ድምፅ ባለው ቅኝት ስለሚዘፍኑ የሱዳን ዘፈን ለጎንደር ጆሮ እንግዳ አይደለም። በዚህ ምክንያት አንድ ዝርዝር ውስጥ የግእዝ፣ የላቲን እና የዓረብ ፊደል ይቀላቀላሉ። ብዙዎች ችግሩን ለመሸሽ ሁሉንም በላቲን ይጽፋሉ፤ ከዚያ አንዱ ዘፈን በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ተቀምጦ ሲፈለግ አይገኝም። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ስለገባ ዛሬ ስሙን በፊደል መጻፍ የሚከለክል ነገር የለም። የሚከለክለው የስክሪኑ ጥራት ነው። «ሉ»ን ከ«ሊ»፣ «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው የአንዲት አጭር ጭረት ቦታ ነው። ዲጄ ሶፍትዌሮች ጽሑፍን እጅግ አሳንሰው ስለሚያሳዩ፣ ፒክስሉ በሳሳ ስክሪን ላይ ጭረቷ ከፊደሉ አካል ጋር ትዋሃዳለች። የላቲን ፊደል በዚያው መጠን ሊነበብ ይችላል። ለዚህ ነው ከውጭ የሚመጡ ምክሮች «ይበቃል» የሚሉት ስክሪን ለአማርኛ ተጠቃሚ ላይበቃ የሚችለው።

መጠን እና ፒክስል

የስክሪን መጠን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በኢንች ይለካል። የሚሠራበት ቦታ ስፋት ግን የሚታወቀው በፒክስል ብዛት እንጂ በኢንች አይደለም። ባለ 24 ኢንች ስክሪን 1920×1080 ፒክስል ሲኖረው በአንድ ኢንች ውስጥ 92 ያህል ፒክስል ይገኛል። እነዚያው ፒክስሎች 27 ኢንች ላይ ሲዘረጉ ወደ 82 ይወርዳሉ፤ ሰውየው ትልቅ ስክሪን ገዛ እንጂ አንድም ተጨማሪ ትራክ አላየም፣ ፊደሉም ሻከረ። ይህ በገዢዎች ዘንድ በብዛት የሚታይ ስህተት ነው፤ ባለ 27 ኢንቹ ርካሽ ሆኖ ሲገኝ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

27 ኢንች ላይ ተስማሚው 2560×1440 ነው፤ በኢንች 109 ፒክስል ይሰጣል። ለአቀናባሪ ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ ሊጠቅመው ይችላል። በኤፍ ኤል ስቱዲዮ፣ በኪዩቤዝ፣ በሎጂክ ወይም በኤብልተን ላይቭ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን መስመር ይይዛል። ከላይ እና ከታች ያሉት መቆጣጠሪያዎች 300 ፒክስል ቢወስዱ እና አንዱ ትራክ 40 ፒክስል ቁመት ቢኖረው፣ በ768 ፒክስል ቁመት 11 ትራክ፣ በ1080 ላይ 19፣ በ1440 ላይ 28 ትራክ ይታያል። ከበሮ፣ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ዋና ድምፅ እና ተቀባዮች ያሉበት የባህል ቅንብር 30 ትራክ ማለፉ የተለመደ ነው።

3840×2160 ፒክስል ያለው፣ ፎር ኬ የሚባለው ስክሪን በ27 ኢንች ላይ በኢንች 163 ፒክስል አለው። ባለበት ቢተው ጽሑፉ እጅግ ስለሚያንስ በኮምፒውተሩ ማስተካከያ 150 በመቶ ይጎላል፤ ያኔ የሥራው ስፋት ከ2560×1440 ጋር እኩል ይሆናል፣ ፊደሉ ግን እንደታተመ መጽሐፍ ይጠራል። ጉድለቱ አንዳንድ የቆዩ ፕለጊኖች ማጉላትን አለመቀበላቸው ነው፤ የቴምብር ያህል ሆነው ይቀራሉ። ደካማ የግራፊክስ ክፍል ያለው ላፕቶፕም ይጨነቃል።

ወርዱ የተለጠጠ ባለ 34 ኢንች ስክሪን፣ 3440×1440፣ ለሞገድ ሥራ እጅግ ምቹ ነው። ነገር ግን 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ ስላለው ጠረጴዛው ላይ ስፒከሮችን ያፈናቅላል። ሁለቱ ስፒከሮች እና የአድማጩ ራስ እኩል ጎኖች ያሉት ሦስት ማዕዘን መሥራት አለባቸው። ስክሪኑን ለማስገባት ሲባል ስፒከሩ ከስክሪኑ ኋላ ከተደበቀ ስክሪኑ ድምፁን ይጋርዳል፣ ያንጸባርቃልም። ስክሪኑ ዝቅ ብሎ፣ ከስፒከሮቹ ፊት መስመር ትንሽ ወደ ኋላ ቢቀመጥ ይሻላል።

ብዙ የማይጠቅሙ መለኪያዎች

አንድ ተራ ስክሪን ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳል፤ ማለትም አንዱ ምስል 16.7 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል። 144 ጊዜ የሚያድሰው 6.9 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል። ሞገዱ ሲንሸራተት ለዓይን ይለሰልሳል። ዘፈንን ከዘፈን የሚያገናኘው ግን ጆሮ ነው፤ ለፍጥነቱ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ለተሻለ የጆሮ ማዳመጫ ወይም ለድምፅ ካርድ ቢውል ውጤቱ ይሰማል። የቀለም ትክክለኛነትም እንዲሁ፣ ባለሙያው የሙዚቃ ቪዲዮ ካልሠራ በቀር፣ አያስጨንቅም። ከጎን ሲያዩት የማይደበዝዘው አይፒኤስ የተባለው ዓይነት ግን ይመረጣል፤ ክራር የያዘ ሰው ስክሪን ፊት ለፊት አይቀመጥምና። በስክሪኑ ውስጥ የተገጠሙት ትናንሽ ስፒከሮች ለማንኛውም የሙዚቃ ውሳኔ አይታመኑም።

ገመዱ እና ድምፁ

ስክሪኑ ከመገዛቱ በፊት ኮምፒውተሩ ምን መውጫ እንዳለው ማየት ያስፈልጋል። ኤችዲኤምአይ 1.4 ያለው የቆየ ላፕቶፕ ፎር ኬን የሚያሳየው በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ነው፤ የማውዙ ቀስት ከእጅ ኋላ ይጎተታል። ከኤችዲኤምአይ 2.0 ጀምሮ 60 ይደርሳል። ዩኤስቢ ሲ ያለው ሁሉ ምስል አያወጣም፤ ቀዳዳው አንድ ቢመስልም አንዳንዱ ለፋይል እና ለቻርጅ ብቻ ነው። መሠረታዊው ኤም 1 እና ኤም 2 ፕሮሰሰር ያላቸው የአፕል ላፕቶፖች ያለ ተጨማሪ መሣሪያ የሚቀበሉት አንድ ውጫዊ ስክሪን ነው። ምስልን በተራ ዩኤስቢ በኩል የሚያሳልፉ አዳፕተሮች ደግሞ ሥራውን በፕሮሰሰሩ ላይ ይጭናሉ። በ44,100 ሄርዝ ቀረጻ 128 ናሙና የሚይዝ በፈር ለኮምፒውተሩ የሚሰጠው ጊዜ 2.9 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ጭነት በቀረጻ መሐል እንደ ጠቅታ ሆኖ ይሰማል።

ኤችዲኤምአይ ድምፅንም ይሸከማል። ገመዱ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ድምፁን ራሱ ወደ ስክሪኑ ሊያዞር ይችላል፤ ሙሽሮች በሚገቡበት ሰዓት ስክሪን የሰካ ዲጄ ድንኳኑ በድንገት ዝም ሊልበት ይችላል። መፍትሔው አስቀድሞ በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ የስክሪኑን የድምፅ መውጫ መዝጋት ነው።

ከዚህ የሚከፋው «እምም» የሚል ዝቅተኛ ጩኸት ነው። ላፕቶፑ፣ ስክሪኑ እና ስፒከሮቹ ከተለያየ ሶኬት ኃይል ሲወስዱ እና በገመድ ሲያያዙ፣ በግራውንድ መስመሩ ላይ የሚዞር ጅረት በስፒከሩ ይሰማል። የኢትዮጵያ መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ ጩኸቱ በዚያ እና በእጥፎቹ ላይ ይሆናል። ሁሉንም ከአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት እና ለስፒከሮቹ ባላንስድ ገመድ መጠቀም ብዙውን ጊዜ ያስወግደዋል። ጩኸቱን ለማጥፋት የግራውንዱን እግር መቁረጥ ግን ለሕይወት አደገኛ ነው።

ክራር ላይ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ የሚገጥሙ ተጫዋቾች ሌላ ነገር ያስተውላሉ። ፒክአፑ ወደ ስክሪኑ ሲዞር ይጮኻል፣ ጎኑን ሲሰጥ ይቀንሳል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ከስክሪኑ ኃይል ማከፋፈያ የሚወጣውን መግነጢሳዊ መስክ ነው የሚለቅመው። አንድ ሜትር ተኩል ራቅ ማለት ወይም በቀረጻ ጊዜ ስክሪኑን ማጥፋት ይበቃል።

ሙቀት፣ አቧራ እና መብራት

ሳንጃ የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። መተማ ዮሐንስ ደግሞ ከሱዳኗ ጋላባት ጋር ትዋሰናለች። ሁለቱም ሰሊጥ እና ማሽላ የሚመረትበት ቆላ ናቸው። በመተማ ቆላ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል፣ አንዳንዴም ያልፋል። የብዙ ስክሪኖች መመሪያ ደግሞ የሚፈቀደው የአካባቢ ሙቀት እስከ 40 ዲግሪ፣ ለአንዳንዶቹም እስከ 35 ብቻ መሆኑን ይገልጻል። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ከቀትር በኋላ ከውጭው ይብሳል። ሰርግ የሚበዛበት የሚያዝያ ወር ከዚህ ሙቀት ጋር መግጠሙ የአካባቢውን ዲጄ ዕቃ በሥራ ብዛት እና በሙቀት በአንድ ጊዜ ይፈትነዋል።

ሙቀት ስክሪንን ወዲያው አይገድልም። በኃይል ማከፋፈያው ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል ያጥራል ተብሎ ይሰላል፤ ደጋ ላይ ዓመታት የሚያገለግል ስክሪን ቆላ ላይ ቶሎ «አልበራም» የሚለው ለዚህ ነው። ብርሃኑን መቀነስ ቀላሉ መድኃኒት ነው፤ የሙቀቱ ዋና ምንጭ የኋላ መብራቱ ነውና። ኃይል ማከፋፈያው በውስጡ ካለው ይልቅ እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር በውጭ የሆነው ዓይነት ለቆላ ይመረጣል። ሳጥኑ ራሱ አይግልም፤ ቢቃጠልም አዳፕተሩን ብቻ መቀየር ይቻላል። አየር ማስወጫዎቹን ለአቧራ ሲባል በጨርቅ ማፈን ተገቢ አይደለም፤ የሚሸፈነው ከጠፋ በኋላ ነው። በክረምት ማታ ደግሞ ብሩህ ስክሪን ነፍሳትን ይጠራል፣ አንዳንድ ጥቃቅኖቹም ከመስታወቱ ኋላ ገብተው ይቀራሉ። ክፍሉ ውስጥ ከስክሪኑ የበለጠ የሚያበራ ሌላ አምፖል ራቅ አድርጎ መስቀል ይረዳል።

በመብራት በኩል፣ አብዛኞቹ ስክሪኖች ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ የኃይል መውረድ ብዙም አይጎዳቸውም። የሚጎዳቸው መብራት ተመልሶ ሲመጣ ያለው ግፊት ነው። መብራት ሲጠፋ ከሶኬት ነቅሎ፣ ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ምንም ወጪ የለውም። ባለ 24 ኢንች ኤልኢዲ ስክሪን ከ15 እስከ 25 ዋት ስለሚወስድ በትንሽ ዩፒኤስ ላይ ቢሆን ሥራን አስቀምጦ ለማጥፋት በቂ ጊዜ ይገኛል። በጄኔሬተር ወይም በሶላር ባትሪ ለሚሠራ ሰው የ34 ኢንቹ ዋጋ ሲገዛ የተከፈለው ብቻ አይደለም፤ ፍጆታው ከዚህ እጥፍ እና ከዚያ በላይ ይሆናል።

በሰርግ ቦታ

ለጉዞ የሚመቸው በዩኤስቢ ሲ ምስልም ኃይልም የሚያገኘው ባለ 15.6 ኢንች ተንቀሳቃሽ ስክሪን ነው። የራሳቸው ማሳያ ያላቸው የዲጄ መሣሪያዎች ሲኖሩ እሱም አያስፈልግም። ተራ ስክሪን ከ250 እስከ 350 ኒት ብርሃን ስለሚሰጥ በድንኳን ጥላ ሥር ይነበባል፣ ፀሐይ ላይ ግን መስታወት ይሆናል። ሶፍትዌሮቹ የሚወዱት ጥቁር ገጽ ቀን ላይ ነጸብራቁን ያብሰዋል፤ ብሩህ ገጽ ያለው አማራጭ ካለ እሱን መምረጥ፣ ሲገዛም የማያንጸባርቅ ፊት ያለውን መውሰድ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የመታው ስክሪን መሐሉ ላይ ጥቁር ጥላ ቢያወጣ ፈሳሽ ክሪስታሉ ከመጠን በላይ ሞቋል ማለት ነው፤ ጥላ ውስጥ ሲቀዘቅዝ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ስክሪኑን ሰብውፈር ላይ ማስቀመጥ መሰኪያዎቹን ያላላል።

ያገለገለ ስክሪን

በኢትዮጵያ ገበያ ከመሥሪያ ቤት የወጡ ባለ 22 እና 24 ኢንች የዴል እና የኤችፒ ስክሪኖች ይገኛሉ፤ ለጀማሪ አቀናባሪ ከአዲስ ርካሽ ስክሪን ይልቅ እነዚህ ሊሻሉ ይችላሉ፣ መቆሚያቸው ከፍ ዝቅ ይላልና። ከመግዛት በፊት ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ እና ሰማያዊ ምስል ሙሉ ስክሪኑ ላይ ከፍቶ የሞተ ፒክስል እና የደበዘዘ ጥግ መፈለግ ያስፈልጋል። የአማርኛ ጽሑፍ በትንሹ ከፍቶ «ሉ» እና «ሊ» መለየታቸውንም ማየት ነው። ቢያንስ 20 ደቂቃ ሳይጠፋ መብራት አለበት፤ ሲሞቅ የሚጠፋ ስክሪን ሱቅ ውስጥ በአምስት ደቂቃ አይታወቅም። በመጨረሻ ብርሃኑን ወደ ዝቅተኛው አውርዶ ጆሮን ከጀርባው ማስጠጋት ነው፤ አንዳንዱ በዚህ ጊዜ ቀጭን ፉጨት ያሰማል። ለቢሮ ሠራተኛ ምንም አይደለም፣ ማይክሮፎን ለሚከፍት ሰው ግን ያንን ስክሪን ትቶ ወደ ሌላው ማለፍ ነው።